ሆድ ከሚፈጀው ደብተር ይያዘው

በአገራችን ሰው ሲከፋው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። «ቻለው፤ ሆድ ይፍጀው» ይባላል። መቻል ጥሩ ነው፤ መምህር የሚሆን ሰውማ ካልቻለ ምኑን መምህር ሆነ! ነገር ግን ሆድ ሁሉን ይፈጃል ወይ? ይኼ ጥያቄ በተለይ እኛን ሠልጣኞችን ይመለከታል። ምደባ ሲወጣ አንዳንዳችን ዘመድ ወዳጅ ወደሌለበት፣ መኪና በቅርብ ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት መሄዳችን አይቀርም። ማታ መብራት አጥፍተን ስንተኛ የሚመጣውን ሐሳብ የምናዋየው ሰው ባይኖርስ?

ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይኼን ነገር ፈትኖታል። እሱና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ አስጻፉ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። ሌሎቹ ግን በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ነው የጻፉት፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ የሆነውን ብቻ፣ አንዳንዶቹ የተሰማቸውን ብቻ፣ የቀሩት ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለቱንም አንድ ላይ የጻፉት እንደጨረሱ ወዲያው ደስ አላላቸውም፤ እንዲያውም ከፍቷቸው ነበር። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ግን ታመው ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ማልቀስ ብቻውን፣ ወይም እንደ ፖሊስ ሪፖርት የሆነውን መዘርዘር ብቻውን ያን ያህል አልጠቀመም ማለት ነው። ፔኔቤከር በኋላ የተጻፉትን ወረቀቶች ሲመረምር ደግሞ ይበልጥ የተሻላቸው ሰዎች ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» የመሰሉ ቃላትን እያበዙ የሄዱት መሆናቸውን አይቷል። የተዘበራረቀው ነገር መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ እየሆነላቸው ሄደ እኮ!

ስሜትን በስሙ መጥራትም ራሱን የቻለ ኃይል አለው። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት በሥዕል አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት፣ አሚግዳላ የምትባለው ለአደጋ ፈጥና የምትነቃ የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል።

ታዲያ እኛ በዚህ በኩል ድኾች አይደለንም። አማርኛ ሆድ ሲብስ፣ ሆድ ሲባባ፣ ቅር ሲል፣ ሲናፍቅ፣ ሲቆጭ ለየብቻ ቃል አለው። የዛሬ ልጆች ግን (እኔም አለሁበት) ሁሉንም ባንድ ጆንያ ከተን «ደበረኝ» እንላለን። ደበረኝ የሚለው እናቱ የናፈቀችውም፣ ጓደኛው ቅር ያሰኘውም፣ ተማሪ ፊት ያፈረውም ነው። መፍትሔው ግን አንድ አይደለም፤ ለናፍቆት ስልክ ይደወላል፣ ለቅሬታ ባለቤቱን ማነጋገር ያስፈልጋል። ለይቶ ያልጠራውን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ ያስታግሰዋል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ማንም የማያይበት ቦታ መቀመጥ፣ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ የሆነውንም የተሰማንንም መጻፍ፤ በማግሥቱም መድገም። ፊደል ቢሳሳት፣ ሰዋስው ቢፈርስ ግድ የለም፤ ቀይ እስክሪፕቶ እዚህ አይገባም። ሲያልቅ መቅደድም ማቃጠልም ይቻላል። ሐዘኑ ትኩስ ከሆነ ወይም ስንጽፍ ከአቅም በላይ ከሆነብን ግን እንተወው።

መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ጆአን ፍራታሮሊ እ.ኤ.አ. በ2006 የ146 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ስትመረምር ጥቅሙ እውነት ቢሆንም በአማካይ ትንሽ መሆኑን ነው ያገኘችው። ደብተር የሰውንም ቦታ አይተካም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ያለው፣ ወይም ሞትን ማሰብ የጀመረ ሰው ደብተሩን ዘግቶ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይናገር፤ ጤና ጣቢያም ይሂድ።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ዕቅዳችንን፣ የሰሌዳ አያያዛችንን፣ ድምፃችንን ሁሉ ጽፈን እናስረክባለን። ከዚያ መዝገብ መጨረሻ ላይ የማይሰበሰብ፣ የማይታረም፣ ማርክ የሌለው አንድ ገጽ ቢተውልንስ?