በለስ ማታ ይሥራ ወይስ ቀኑን ሙሉ?

መራዊ ላይ ማታ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ በለስን የሚያህል ጣቢያ ጎረቤታችን ሆኖ እኛ እንዴት ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን? ነገር ግን የበለስ ኃይል ለጎረቤት አይቀመጥም። ብሔራዊው ግሪድ ውስጥ ይገባና ከማዕከል ይታዘዛል። ሰፈር የሚያጨልመውም ብዙ ጊዜ ያረጀ መስመር ወይም የተጨናነቀ ትራንስፎርመር ነው። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምጣዱም አምፖሉም በአንድ ሰዓት ሲበራ ፈጥኖ የሚነሳው የትኛው ጣቢያ ነው?

ጋዝ ባላቸው አገሮች ይህን ሸክም ጥምር ዑደት ጣቢያዎች ይጋራሉ። የጋዝ ተርባይኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። በጭሱ ሙቀት የሚሠራው የእንፋሎት ክፍል ግን ወፍራም ብረቱ በዝግታ መሞቅ አለበት፤ በየቀኑ ማጥፋትና ማስነሳት ዕድሜውን ይበላዋል። እንፋሎቱን ፋብሪካ የሚጠብቀው ከሆነማ እጁ ይበልጥ ይታሰራል። ባጋስ (የተጨመቀ የአገዳ ገለባ) እያነደዱ እንፋሎትም መብራትም የሚያመርቱት የእኛ ስኳር ፋብሪካዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ቅድሚያው ለአገዳው ነው።

የውኃ ተርባይን ይህ ጣጣ የለበትም። ጣጣው ጣና ሐይቅ ላይ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው በለስ በ4 ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሙሉ አቅሙን ሲሠራ ከጣና በሰከንድ 160 ሜትር ኩብ ያህል ይወስዳል። ውኃው በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚሻገር ጢስ ዓባይ ፏፏቴን አያገኘውም። በለስን ብቻ መክሰስ ግን ትክክል አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ጣና ጎድሎ ጀልባዎች ሲቸገሩ በለስ ገና አልተሠራም ነበር፤ ያኔ ድርቁ ነበር፣ በጨረጨራ በር በኩል ለጢስ ዓባይ ጣቢያዎች የሚለቀቀውም ውኃ ነበር።

ሐይቁን የሚያጎድለው በምሽት ለጥቂት ሰዓት መነሳት ሳይሆን ሌት ተቀን መሥራት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ የቀኑን መደበኛ ጭነት እሱ ቢይዝ፣ በለስ ለምሽቱ ብቻ ቢጠራ፣ የተረፈው ውኃ በጨረጨራ ወጥቶ ለፏፏቴው ሊለቀቅ ይችላል ባይ ነኝ። ለዚህም በቂ የማስተላለፊያ መስመር ያስፈልጋል፤ የሐይቁን ዝቅተኛ ከፍታ የሚያስከብር ደንብም እንዲሁ። መራዊም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ድርሻ አላት፦ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው የቆጋ ግድብ የያዘው ውኃ በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባ የነበረ ነው።