በጢስ የሚበስል የበሬ ጎድን፤ አሠራሩና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

በጢስ ማጠን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የወተት ዕቃ ወይም የጠላ ጋን በወይራ ጢስ ሲታጠን ያላየ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ ጢሱ ለመጠጡ የሚሰጠውን መልካም ሽታም እናቶቻችን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። በዛሬው አንቀጻችን የምንናገረው ግን ዕቃን ሳይሆን ሥጋን ራሱን በጢስ ስለ ማብሰል፣ ይልቁንም በአሜሪካ አገር በገናና በሌሎችም በዓላት ከገበታ ላይ ስለሚቀርበው የበሬ ጎድን ነው። የወጥ ቤትን ጉዳይ በንግድ ጋዜጣ ማንሣታችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስደንቅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ጎድን ከገበታ እስኪደርስ ድረስ ሥጋ ሻጩን፣ የከሰል ነጋዴውን፣ የምድጃ ሠሪውንና የሙቀት መለኪያ አስመጪውን ሁሉ የሚያገናኝ ነው። እንደዚሁም ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥጋ ባለማወቅ ሲበላሽ፣ ከዚያም የከፋው በከሰል ጢስ ሕይወት ሲጠፋ ስለሚታይ፣ ዕቃውን የሚሸጠው ሰው አሠራሩን ቢያውቅ ለራሱም ለደንበኛውም ይበጃል።

የሥጋው ዐይነትና ስሙ

በሬ በያንዳንዱ ጎን 13 የጎድን አጥንቶች አሉት። የአሜሪካ ሥጋ ቆራጮች ለዚህ ምግብ የሚለዩት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ያሉትን 7 አጥንቶች ከነሥጋቸው ነው። ይህ ክፍል በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚገኝ ስለ ሆነ እንስሳው ሲራመድ ብዙ አይደክምበትም፤ ስለዚህ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ጮማውም በመካከሉ ተሠራጭቶ ይገኛል። ለግምት ያህል አንድ አጥንት ከነሥጋው ለሁለት ሰዎች ይበቃል ይባላል።

ምግቡ በእንግሊዝኛ «ፕራይም ሪብ» ተብሎ ይጠራል። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የበሬ ሥጋን በደረጃ እየለየ ማኅተም ያደርጋል፤ ከፍተኛው ደረጃ «ፕራይም»፣ ቀጥሎ ያለው «ቾይስ»፣ ከዚያም የሚከተለው «ሴሌክት» ይባላል። ነገር ግን «ፕራይም ሪብ» የሚለው የምግቡ ስም ሥጋው የግድ ከ«ፕራይም» ደረጃ የተገኘ መሆኑን አያረጋግጥም። ገዥው የሚያምነው ማኅተሙን እንጂ ስሙን ብቻ እንዳይሆን ይገባል። ይህ ምክር ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለቡናም፣ ለጨርቅም፣ ለሲሚንቶም የሚያገለግል ነው።

በእኛ ሉካንዳ ጎድን ሲፈለግ ቆራጩ ሥጋውን በቢላ እየከፈለ መሸጥ የለመደ ስለ ሆነ፣ ከነአጥንቱ በአንድ ግንድ ሆኖ እንዲቆረጥ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሌላም ልዩነት አለ። በአሜሪካ ለዚህ ምግብ የሚመረጠው ሥጋ ከታረደ በኋላ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሳምንት በማቀዝቀዣ ቤት ይቈያል፤ በዚህም ጊዜ በሥጋው ውስጥ ያሉት ተፈጥሯዊ ኢንዛይሞች ጅማቱን እያላሉ ያለሰልሱታል። በአገራችን ግን ሥጋ በታረደበት ቀን ወይም በማግሥቱ የሚበላ ሲሆን፣ ከሰባ ሰንጋ ካልተገኘም ጮማው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን አሠራር ለመሞከር የሚፈልግ ሰው የሰባ ሰንጋ ጎድን ይምረጥ፤ ሥጋውንም ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀን ቢያቈየው መልካም ነው።

ከትራፊ የተገኘ ሀብት

የዚህ አሠራር ታሪክ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት አለው። በቴክሳስ ማዕከላዊ ክፍል የሰፈሩ የጀርመንና የቼክ ተወላጆች ሥጋ ቤት ከፍተው ሲነግዱ፣ ሳይሸጥ የቀረውን ሥጋ ከመጣል ይልቅ ከሱቁ በስተኋላ በኦክ እንጨት ጢስ እያበሰሉ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡት ጀመር። በሎክሃርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመው ክራይትስ ማርኬት ከነዚህ ሥጋ ቤቶች አንዱ ነው። በመጀመሪያ ለኪሳራ መከላከያ የታሰበው ነገር በኋላ ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣለት ዋና ሸቀጥ ሆነ።

የከሰሉም ነገር እንዲሁ ነው። ሄንሪ ፎርድ ለመኪና አካል የሚሆነውን እንጨት በሚሺገን በሚገኘው በአይረን ማውንቴን ፋብሪካው ሲያስጠርብ ብዙ ፍርፋሪና ሰጋቱራ ይተርፍ ነበርና፣ በ1920ዎቹ ዓመታት ይህን ትራፊ በትንንሽ ጡብ መልክ የተጠፈጠፈ ከሰል እያደረገ መሸጥ ጀመረ። ይህ ከሰል በኋላ ኪንግስፎርድ በሚል ስም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በቺካጎ በሚገኘው በዌበር ወንድማማቾች የብረት ሥራ ቤት የሚሠራው ጆርጅ ስቲቨን፣ በዚያ ይሠራ የነበረውን በውኃ ላይ ተንሳፋፊ የመርከብ ምልክት ከሁለት ከፍሎ ክዳን ያለውን ክብ የከሰል ምድጃ አወጣ። ክዳኑ ነፋስን ከልክሎ ሙቀቱንና ጢሱን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ሥጋን በጢስ ማብሰል በየቤቱ አጸድ ሊደረግ ቻለ።

የአሠራሩ ሥርዓት

ለምሳሌ 4 ኪሎ የሚመዝን ባለ 3 ወይም ባለ 4 አጥንት ጎድን እንውሰድ። በዋዜማው 50 ግራም ያህል ጨው በሥጋው ዙሪያ ሁሉ ይታሻል፤ ከዚያም ሳይሸፈን በማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ጨው በመጀመሪያ ውኃውን ከሥጋው ያወጣል፤ በኋላም በዚያው ውኃ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ይገባል። የላዩም ቆዳ በመጠኑ ስለሚደርቅ በመጨረሻ በእሳት ሲነካ መልካም መልክ ይይዛል። በማግሥቱ ቁንዶ በርበሬና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቢጨመር ይበቃል፤ ብዙ ቅመም የጢሱን ጣዕም ይሸፍናል።

የተቀጣጠለው ከሰል በምድጃው አንድ ወገን ይደረጋል፤ ሥጋው ግን በሌላው ወገን ይቀመጣል እንጂ ከእሳቱ በላይ አይሆንም። ከሥጋው ሥር ጮማውን የሚቀበል ትሪ ይደረጋል። በከሰሉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የደረቀ እንጨት ጉማጆች ይጨመራሉ። አሜሪካኖች ኦክ፣ ሂኮሪ ወይም የፖም እንጨት ይመርጣሉ፤ በእኛ አገር ጠንካራው ወይራ ተስማሚ ነው። ጥድ ሙጫ፣ ባሕር ዛፍም ዘይት ስላላቸው ሥጋውን ያመርሩታልና አይጠቅሙም። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ ሣንቃ ደግሞ መርዝ ስለሚሆን ፈጽሞ አይነደድም።

ጢሱ ወፍራምና ነጭ በሆነ ጊዜ እንጨቱ በሚገባ አለመንደዱን ያመለክታል፤ በዚህ ጢስ የበሰለ ሥጋ ጥላሸት ጥላሸት ይላል። ጢሱ ስስና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ይገባል። የምድጃው ሙቀት ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን የነፋስ መግቢያው እየጠበበና እየሰፋ ይስተካከላል። ክዳኑን እየደጋገሙ መክፈት ሙቀቱን ስለሚያባክን ሥራውን ያዘገያል።

ሥጋው በዚህ ሁኔታ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ሆኖም መብሰሉ የሚታወቀው በሰዓት ሳይሆን በሥጋው መካከል ባለው ሙቀት ነው። እሳቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ሥጋው ከዳር እስከ መካከል እኩል ይበስላል፤ በኀይለኛ እሳት ቢሆን ዳሩ ደርቆ መካከሉ ጥሬ ይቀራል። ፍርምባን የሚያበስል ሰው እስከ 90 እና 95 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ምክንያቱም ፍርምባ ብዙ ጅማት ስላለው ይህ ጅማት ሊሟሟ የሚችለው በብዙ ሙቀትና በረዥም ጊዜ ነው። ጎድን ግን እንዲህ ያለ ጅማት ስለሌለበት በዚያ ሙቀት ቢበስል ውኃውን አጥቶ ይደርቃል።

የሥጋው መካከል ከሚፈለገው ልክ ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው ከምድጃው ይወጣና ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል። በዚህም ጊዜ የውስጡ ሙቀት በራሱ ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያም በፍም ላይ ለጥቂት ደቂቃ እየተገላበጠ ላዩ ይጠበሳል።

ስለ ሙቀት መለኪያው

ለሥጋ የሚሆን ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል። የመለኪያው ጫፍ አጥንት ሳይነካ ከሥጋው መካከል መግባት አለበት። አስመጪዎች ደግሞ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛው፣ ከአሜሪካ የሚመጡት መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በፋራናይት የተከፋፈሉ መሆናቸው ነው፤ 145 ዲግሪ ፋራናይት ማለት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሁለተኛው፣ መለኪያውን በፈላ ውኃ መፈተን ነው። ውኃ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በጣም ከፍ ያለች ስለ ሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ያልተረዳ ባለ ሱቅ ደኅናውን ዕቃ ብልሽት ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በረዶ በሞላበት ውኃ ቢፈተን ግን በማንኛውም ስፍራ 0 ዲግሪ ማሳየት አለበትና፣ ይህኛው ፈተና ይበልጥ የታመነ ነው።

ስለ ጤንነት ጥንቃቄ

ብዙ አሜሪካኖች ይህን ሥጋ መካከሉ 54 ዲግሪ ሲደርስ ቀላ እንዳለ ይበሉታል። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ምክር ግን 63 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። በአገራችን የኮሶ ትል ከበሬ ሥጋ የሚመጣ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሥጋው በሐኪም መመርመሩ ያልተረጋገጠለት ሰው ይህን የ63 ዲግሪ ልክ ቢከተል ይበጀዋል። እንዲሁም ይህ ዐይነቱ የጢስ አበሳሰል እንደ ቋንጣ ሥጋውን ለብዙ ጊዜ አያቈይም፤ የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን የሚከተለው ነው። ማናቸውም የከሰል ምድጃ በቤት ውስጥ፣ በጋራዥም ሆነ በተዘጋ በረንዳ አይነደድም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ስለሌለው ሰውን ሳይታወቀው ይገድላል። መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም፤ እሳቱ ጠፍቷል ተብሎ ፍሙ ገና ያለበትን ምድጃ ወደ ቤት ማስገባትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሥራው በደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ መሆን አለበት።

የሒሳቡ ነገር

አሁን ወደ ነጋዴው ሒሳብ እንመለስ። 4 ኪሎ ጎድን ሲበስል 15 በመቶ ክብደቱ በእንፋሎትና በጮማ መልክ ይጠፋል፣ ሌላ 15 በመቶ አጥንት ይሆናል ብንል፣ ለገበታ የሚቀርበው 2 ኪሎ ከ800 ግራም ነው። እንግዲህ የአንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ዋጋ 100 እጅ ቢሆን፣ የሚበላው ሥጋ ኪሎ ወደ 143 እጅ ከፍ ይላል። ሥጋው ከልክ በላይ በስሎ 30 በመቶ ቢጠፋ ግን የሚቀረው 2 ኪሎ ከ200 ግራም ብቻ ነው፤ የኪሎውም ዋጋ ወደ 182 እጅ ይደርሳል። ይህ ልዩነት የሚመጣው ከሙቀት መለኪያው ጉድለት ብቻ ነው። ባለ ሆቴል ወይም ድግስ አዘጋጅ የሆነ አንባቢ ከዚህ ምሳሌ የአንድ ቴርሞሜትር ዋጋ በስንት ቀን እንደሚመለስ ሊያሰላ ይችላል።

ለባለ ሱቆችም የምንሰጠው አሳብ አለ። ክዳን ያለው ምድጃ፣ ንጹሕ ከሰል፣ በልክ የተቆረጠ የደረቀ ወይራና የሥጋ ቴርሞሜትር አንድ ላይ ተደርገው ቢሸጡ፣ ለየብቻቸው ከሚሸጡበት ይልቅ ገዥው ይጠቀምባቸዋል። ከዕቃው ጋራ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ ይሰጠው፤ በመመሪያውም መጀመሪያ ላይ «በቤት ውስጥ አይነደድም» የሚለው ቃል በጉልህ ይጻፍበት።

ሥጋ ላኪዎቻችንም ነገሩን ከዚህ ጋራ ሊያዩት ይገባል። ከአገራችን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው አብዛኛው ሥጋ የበግና የፍየል ሲሆን፣ ከነሙሉ አካሉ የሚላከው ብዙ ነው። የአሜሪካው ጎድን እንደሚያሳየን ግን፣ በክፍል በክፍሉ ተለይቶ፣ በደረጃ ታትሞና በማቀዝቀዣ ተጠብቆ የሚቀርብ ሥጋ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ወደዚህ ለመድረስ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ቆራጭ፣ የታመነ ደረጃ መዳቢና ከቄራ እስከ አውሮፕላን ድረስ የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ነው።