መብራቱን ማን ያጥፋው?

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በሥራ ሰዓት ምንጊዜም ፀሐይ አለች። ታዲያ ሰፊው የጋራ ቢሮ ቀኑን ሙሉ መብራት የሚያበራው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዝርጋታው ነው። የመስኮት ብርሃን በደንብ የሚዘልቀው የመስኮቱ አናት ከወለል ያለውን ከፍታ እጥፍ ያህል ነው፤ አናቱ 3 ሜትር ላይ ከሆነ ወደ 6 ሜትር ገደማ። አንድ ማብሪያ ሁሉንም አምፖል ከያዘ፣ ጥግ ለተቀመጠ አንድ ሰው ሲባል የመስኮቱም ዳር ይበራል። መፍትሔው አምፖሎቹን ከመስኮቱ ጋር ትይዩ በሆኑ ረድፎች ከፍሎ ለየረድፉ ማብሪያ መስጠት ነው።

እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ሲጨመርስ? ጸጥ ብላችሁ ስታነቡ «ሰው የለም» ብሎ ያጠፋባችኋል። (እጅ እያወዛወዙ መሥራት ደግሞ አይሆንም!) ለዚህ ነው ሴንሰሩን በእጅ የሚሽር ቁልፍ የሚያስፈልገው። ግን ቁልፉ ለሁልጊዜ አይሻር፤ ለምሳሌ ለ2 ሰዓት ያህል አብርቶ፣ ከማጥፋቱ በፊት ብልጭ ብሎ አስጠንቅቆ፣ ሥራውን ለሴንሰሩ ይመልስ። አለዚያ ሐምሌ ላይ ደመና ሲከብድ የተጫነ ቁልፍ፣ አደይ ፈክቶም እንደተጫነ ነው።