ከወል ግጦሽ የተቆረሰ የመማሪያ ማሳ

የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል የሚባለው የቀበሌ ተቋም ገበሬው አዲስ የእርሻ ዘዴን ሰምቶ ከመቀበሉ በፊት በዐይኑ አይቶ እንዲፈርድ ታስቦ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጎን «ሠርቶ ማሳያ»፣ ማለትም ዘርና ዘዴ በገበሬው ፊት የሚፈተንበት እርሻ አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ መስፋፋት የጀመረው ይህ ተቋም በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ ወደ 8,500 ቢደርስም፣ ሥራውን በምሉእነት የሚሠራው ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር።

መሬት የሚሰጠው ቀበሌው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገ፣ አንድ ባለጸጋ ከርስቱ ቆርሶ ለትምህርት የሚያበረክትበት መንገድ የለም፤ ስለሆነም ስጦታው ብዙ ጊዜ ከወል ግጦሽ ይቀነሳል። ዋና ከተማው ጉንደ ወይን በሆነው በጎንቻ ሲሶ እነሴም ሆነ በአጎራባች የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም፤ በክረምት ማሳው ሁሉ በሰብል ሲያዝ ለእርሻው በሬ የሚተርፈው ያ መስክ ነውና። ለንጽጽር፣ አሜሪካ በ1862 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለግብርና ኮሌጆች ማቋቋሚያ የሰጠችው መሬት የመንግሥት ትርፍ ነበር፤ በ1944 ዓ.ም. በዚሁ ሕግ ከተቋቋመው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተወጠነው የሐረማያ ኮሌጅም የዚያ ሥርዓት ልጅ ነው። የቀበሌው ስጦታ ግን ከላም አፍ የሚነጠቅ ነው።

በማዕከሉ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ታስቧል። በአካባቢው የሰብል ባለሙያውን አብዝቶ የሚፈትነው ዋልካ አፈር ነው፤ ይህ ጥቁር ጭቃ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ አብጦ ውሃ ስለሚያቁር ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ዘሩን ያዘገያል። በሞፈርና ማረሻ የሚወጣው ነባሩ ፈሰስ ውሃውን ቢያስወጣም አፈሩንም ይዞ ይሄዳል፤ በሠርቶ ማሳያው ላይ ግን ሰፋፊ መደብና በየመካከላቸው ቦይ ተሠርቶ፣ ዘሩ ቀደም ብሎ ሲገባ ምን እንደሚሆን ይታያል። የተፈጥሮ ሀብቱ ባለሙያ በበኩሉ በእርከን ላይ ደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን ይተክላል፤ ሁለቱም አፈር ከመያዛቸው በላይ ታጭደው ለከብት የሚሰጡ በመሆናቸው፣ ከተወሰደው ግጦሽ ከፊሉ በዚህ መንገድ ይመለሳል፤ በእርግጥ ደክሞ ለሚያጭድ ብቻ።

ማዕከሉ ቋሚ በጀት ስለሚያጥረው ማሳው አብዛኛውን ጊዜ በቀበሌው ገበሬ ጉልበት ይታረሳል፣ ምርቱም ተሸጦ ለቀጣዩ ዓመት ዘርና ማዳበሪያ ይውላል። አዝመራው ሳይታጨድ «የመስክ ቀን» ይጠራና ጎረቤት ገበሬ ይሰበሰባል፤ በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ግራም ዘር በብተና የተዘራበት ጤፍ፣ ከ5 ኪሎ ባልበለጠ ዘር በመስመር ከተዘራው ጎን ቆሞ ይታያል። እንግዳው የዛላውን ርዝመት አድንቆ ሲያበቃ የሚጠይቀው ስንት ሰው ስንት ቀን ጎንበስ ብሎ እንደዘራው ነው፤ ይህም ብዙ ገበሬ ወደ ብተናው የተመለሰበት ምክንያት ስለሆነ ለባለሙያው ከባድ ጥያቄ ነው።