ዐሥራ አንድ ልጆች ባሉበት ቤት፤ የልጆች የሥዕል ፊልም እንዴት ይመዘናል?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁርና ጉሙ በጫካው ላይ ሲወርድ፥ በደጅ የነበሩት ልጆች ሁሉ ሮጠው ወደ ቤት ይገባሉ። መብራት ካለ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ ከሌለም የታላቅየው የእጅ ስልክ በመካከል ይቀመጥና አምስት ራሶች በአንዲት ትንሽ መስተዋት ላይ ይደፋሉ። እናት ከማድቤት ሆና የምትሰማው ሳቃቸውን ነው፤ ያሳቃቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አታውቅም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት በሚነግሩበት ዘመን፥ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ወላጅም ከልጁ ጎን ተቀምጦ ሊሰማ ይችል ነበር፤ ቋንቋውም ምሳሌውም የቤቱ ነበርና። ከዚያም በኋላ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የብሩክታዊት ጥጋቡ ዝግጅት፥ በአንዲት ትንሽ ቀጭኔ አፍ በአማርኛ እየተናገረ ብዙ ሕፃናትን አስተምሯል። ዛሬ ግን በሳተላይትና በስልክ ከሚመጣው የሥዕል ፊልም፥ ማለት ልጆች «ካርቱን» ከሚሉት፥ እጅግ የሚበዛው በባዕድ ቋንቋ የሚናገርና ለሌላ አገር ቤት የተሠራ ነው። በዚህም ጊዜ ወላጅ ወይ ሁሉን ይከለክላል፥ ወይ ሁሉን ይለቃል። ሁለቱም ከመመርመር ድካም ያሳርፋሉ፤ ልጁን ግን ክፉንና ደጉን መለየት አያስተምሩትም።

ስለዚህ ለዛሬ አንድ የታወቀ ፊልም ወስደን፥ ከክፍሎቹ መካከል ጥቂቶቹን አንድ በአንድ እንመዝናለን። ፊልሙ «ዘ ላውድ ሃውስ» ይባላል። ኒክሎዲየን በተባለው የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ሚያዝያ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በእኛ ዘንድ የትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፥ ማዕዶት፥ ውሎ ነበር። ደራሲው ክሪስ ሳቪኖ 10 ልጆች ባሉበት ቤት ያደገ በመሆኑ፥ የልጅነቱን ትዝታ ለታሪኩ መነሻ አድርጎታል። ሊንከን የሚባለው የ11 ዓመት ልጅ 10 እኅቶች አሉት፤ አምስቱ ታላላቆቹ፥ አምስቱ ታናናሾቹ ናቸው። «ላውድ» የቤተ ሰቡ ስም ሲሆን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጩኸት የበዛበት ማለት ነው። አንዷ ዘፋኝ ናት፤ አንዷ ኳስ ተጫዋች፤ አንዷ ዘወትር ጥቁር ለብሳ ግጥም ትጽፋለች፤ የ4 ዓመቷ ሊሳ ደግሞ ሊቅ ናት። ለመታጠቢያ ቤቱ ይሰለፋሉ፤ በመኪናው ወንበር ይጣላሉ፤ ማታ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ጫማው ከታላቅ ወደ ታናሽ በሚወርድበት ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ኑሮ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እንግዲህ አንዱ ክፍል መልካም፥ ሌላው ክፉ የሚሆነው በምን ነው? አንዳንድ ወላጅ በጠቡ ብዛት ይመዝናል። ይህ መመዘኛ ግን አይበቃም፤ ወንድምና እኅት የማይጣሉበት ቤት የለምና። እኛ የምንመርጠው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ በመጨረሻ ቤቱ ሰላም ሲያገኝ፥ ለሰላሙ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ቡናው ቀልቶ ተለቅሟል፤ በአልጋው ላይም ተሰጥቷል። አባትና እናት ለለቀማ እንደ ሄዱ ድንገት ዝናብ ወረደ፤ ሸራውን ያለበሰ ሰው አልነበረምና ቡናው ራሰ። ማታ ወላጆች ሲመለሱ «ማን ነው የረሳው?» ይላሉ። በዚያን ጊዜ የልጆቹ ዐይን ሁሉ ወደ አንዱ ልጅ ይዞራል። ባለፈው ፍየሏ የጠፋችው በእርሱ ነው ተብሎ ነበር፤ ከዚያም በፊት ጀበናው የተሰበረው በእርሱ ነው ተብሎ ነበር። የዛሬውንም እርሱ ያድርገው አያድርገው የሚጠይቅ የለም። ልጆች በብዛት በሚያድጉበት ቤት እንዲህ ያለው ፍርድ በየቀኑ ይሰጣል፤ ፊልሙም በተደጋጋሚ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

«ስሉዝ ኦር ኮንሲኩዌንስስ» በሚባለው ክፍል የቤቱ መጸዳጃ ተደፍኖ ይገኛል። ጥፋተኛው ሊንከን ነው ተብሎ ይገመታል፤ ቀድሞም አድርጎት ያውቃልና። ከታናሽ እኅቱ ከሉሲ ጋር ነገሩን ሲመረምር፥ መጸዳጃውን የደፈነው ስለ አንዲት የፈረስ ልዕልት የሚያወራ የሕፃናት መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ የሉሲ ነበር፤ ጥቁር ለባሿና ቁም ነገረኛዋ ሉሲ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በስውር ማንበቧ ቢታወቅ እኅቶቿ እንደሚሳለቁባት ፈርታለች። ሊንከንም «እኔ ነኝ» ብሎ መሳለቂያ ይሆናል፤ ሊሄድበት የጓጓለትም በዓል ይቀርበታል። እርግጥ ነው፥ እውነት ያልሆነ ቃል ተናግሯል፤ ይህን ከልጆቻችን ጋር ልንነጋገርበት ይገባል። ይሁን እንጂ ለቤቱ ሰላም ዋጋውን የከፈለው ማንም ሳያስገድደው፥ ታናሹን ለመሸፈን ሲል ነው። ይህን ያየ ልጅ ታላቅ መሆን ምን እንደ ሆነ ጥቂት ይገባዋል።

«ሜኪንግ ዘ ኬዝ» የሚባለው ክፍል ደግሞ ለዘመናችን የቀረበ ነው። ሊንከን ዋንጫ ለማግኘት ሲል፥ እኅቶቹ ያፈሩበትን ነገር በስውር ቀርጾ ለዓለም ያሳያል። እኅቶቹም እጅግ ይቈጣሉ። እርሱ ይቅርታ የጠየቀው በቃል ብቻ አይደለም፤ እንዲታይበት የማይፈልገውን የራሱን ገመና ቀርጾ እንደዚያው አወጣው። በእያንዳንዱ ኪስ የፎቶግራፍ መሣሪያ በገባበት በዛሬው ዘመን፥ ተኝታ የምታንኰራፋ እኅቱን ቀርጾ ለጓደኞቹ የሚልክ ልጅ በሚዛንም በአዲስ አበባም አይጠፋም። በዚህ ክፍል ያጠፋው ልጅ ራሱ ስለ ከፈለ፥ ፍርዱ ቅን ነው።

«ኤ ቴል ኦፍ ቱ ቴብልስ» ቀለል ያለ ነው። በዚያ ቤት ትልልቆቹ በአንድ ገበታ፥ ትንንሾቹ በሌላ ገበታ ይበላሉ፤ ሊንከን ወደ ትልልቆቹ ለመግባት ይመኛል፤ ከገባ በኋላ ግን ሥርዓቱ ይከብደውና የታናናሾቹን ጨዋታ ይናፍቃል። በእኛም አገር ልጆች ለብቻቸው የሚበሉበት ቤት ስላለ ልጆቻችን ይስቁበታል። የሚጎዳ የለበትም።

አሁን ወደ ክፉው እንምጣ። በሁለተኛው ዙር ከታዩት ክፍሎች አንዱ «ኖ ሳች ለክ» ይባላል፤ እንዲህ ያለ ዕድል የለም እንደ ማለት ነው። ኳስ ተጫዋቿ ሊን ሊንከንን ወደ ጨዋታዋ እንዲመጣ ታስገድደዋለች፤ ከዚያም ስትሸነፍ «ገደ ቢስ ነህ» ትለዋለች። ሊንከንም በመጀመሪያ በወሬው ይጠቀምበታል፤ ከእኅቶቹ ጉዳይ ሁሉ ነፃ ሆኖ ለብቻው ሊያርፍ ፈልጓልና። ይህ ጥፋቱ ነው። ነገር ግን ወሬው እየበረታ ሄዶ፥ ወላጆቹ ሳይቀሩ ከቤት ያስወጡታል፤ በደጅ ያድራል፤ የመኝታ ቤቱም ዕቃ ይሸጣል። በመጨረሻም የሽኮኮ ልብስ ለብሶ በተገኘበት ጨዋታ ሊን ስታሸንፍ፥ ገዱ ከልብሱ ነው ብለው ልብሱን ሳያወልቅ እንዲኖር ያደርጉታል። ፊልሙን የሚወዱ ብዙ ተመልካቾች እንኳ በዚህ ክፍል አዝነዋል።

ይህን ክፍል የምንነቅፈው ልጅ ስለ ተበደለበት ብቻ አይደለም። የዮሴፍንም ታሪክ ለልጆቻችን እንነግራለን፤ በዚያም ወንድሞች ወንድማቸውን ወደ ጉድጓድ ይጥላሉ፥ ይሸጡታልም። ዳሩ ግን የዮሴፍ ታሪክ በጉድጓዱ አያልቅም፤ ወንድሞቹ በደላቸውን እስኪያምኑ ድረስ ይሄዳል። በ«ኖ ሳች ለክ» ግን ከቤቱ አንድ እንኳ «በድለናል» የሚል ሳይገኝ ታሪኩ ያልቃል፤ ተመልካቹም እንዲስቅ ይጋበዛል።

ለእኛም ነገሩ የሩቅ አይደለም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስንል ልጅ ሁሉ የራሱን በረከት ይዞ ይመጣል ማለታችን ነው፤ በዚያው አፋችን ግን አንዱን ልጅ እግረ እርጥብ፥ ሌላውን ገደ ቢስ እንለዋለን። በለቀማ ቀን «አንተ አትምጣብን» የተባለ ልጅ ቃሉን እንደ ቀልድ አይረሳውም። ይህን ፊልም አይቶ የሳቀ ወንድሙ ደግሞ በነጋው ያንኑ ቃል ይደግምበታል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ይህ ክፍል ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ትልልቆቹም ቢያዩት ወላጅ አጠገባቸው ይቀመጥ።

ወላጆች አንድ ሌላ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። በዚህ ፊልም ሊንከን አዘውትሮ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ነገሩን ራሱ ይተርካል። ከዚህም የተነሣ የሚያየው ልጅ ሳያውቀው የሊንከን ጠበቃ ይሆናል። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ «ይህንኑ ሊን ብትነግረን ኖሮ እንዴት ትለው ነበር?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። የሌላውን ወገን ነገር አስቦ መናገር የለመደ ልጅ፥ በቤቱም ሲፈርድ አይቸኩልም።

ለዚህ ሥራ የተለየ ትምህርት አያሻም። በአካባቢያችን እናት ቡናውን ከመቍላቷ በፊት በሰፌድ ላይ ዘርግታ ትለቅመዋለች፤ የጠቆረውን ፍሬ ታወጣለች እንጂ ቡናውን ሁሉ አትደፋም። አንዱ ክፍል የሚያልቀው በ11 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከአንድ ጀበና መፍላት አይረዝምም። እንግሊዝኛውን የማይሰማ ወላጅ ልጁ እንዲተረጕምለት ያድርግ፤ ልጁ ሲተረጕም ነገሩ ለራሱም ይገለጥለታል። ከዚያም ቡናው ሲቀዳ «ዛሬ በዚያ ቤት ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ልጆቹም በየተራ ይመልሱ፤ ታናሽየው በመጀመሪያ ይናገር።

ይህን ጥያቄ የለመዱ ልጆች፥ ቡናው በዝናብ በራሰበት ማታ ሁሉም ወደ አንዱ ከመዞራቸው በፊት ሊያስታውሱት ይችላሉ። ምናልባትም በዚያ ማታ ታላቅየው ብድግ ብሎ፥ «ሸራውን ላለብስ የተነገረኝ እኔ ነበርሁ» ይል ይሆናል።