ስለ ሰርቨር ዲስክ አመራረጥና ስለ ሬይድ አሠራር

ቆሼ የማረቆ በርበሬ ገበያ መሆኗ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህች ከተማ የሚነግድ ሰው ከገበሬው የገዛውን ኩንታልና ወደ አዲስ አበባ በዱቤ የላከውን በርበሬ ለይቶ የሚያውቀው በመዝገቡ ነው። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ ግን ሒሳቡ የሚያድረው በዲስክ ላይ ነው፤ ዲስክም እንደ ማንኛውም መሣሪያ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም።

ሬይድ የተባለው አሠራር ለዚህ ችግር መፍትሔ ነው። ስሙን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ያስተዋወቁት ሦስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ሐሳቡም ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ነው።

ዓይነቶቹ ብዙ ናቸው። ሬይድ 0 ፍጥነት እንጂ ጥበቃ የለውም፤ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሁሉም ይጠፋልና ለሒሳብ አይሆንም። ሬይድ 1 ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል። ሬይድ 5 ቢያንስ 3 ዲስኮች ይፈልጋል፤ የአንዱንም ብልሽት ይችላል። ሬይድ 6 ቢያንስ 4 ዲስኮች ፈልጎ የሁለቱን ብልሽት ይችላል። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች ቢገዙ፣ በሬይድ 5 ለሥራ የሚተርፈው 12፣ በሬይድ 6 ደግሞ 8 ቴራባይት ነው።

ለአንድ መደብር ሒሳብ ትንሽ ቦታ ስለሚበቃ ሬይድ 1 ይመረጣል። ይሁን እንጂ ነጋዴው ሁለት ሳይሆን ሦስት ዲስኮች ቢገዛ ይበጀዋል፤ ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። አለዚያ አንዱ ሲበላሽ ምትኩ ከቡታጅራ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሒሳቡ በቀረው አንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ዲስኩ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ሰርቨር የተሠራ መሆኑን መመልከት ያሻል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ጽሑፉ እንዳይጓደልም ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጅ ምትክ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። የሒሳብ ጸሐፊው የአንድ ደንበኛ ዕዳ በስሕተት ቢሰርዝ፣ ስረዛው በዚያው ቅጽበት በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይፈጸማል። ሌባ ሰርቨሩን ቢወስድ ወይም እሳት ቢነሣም ሁለቱ ባንድነት ይጠፋሉ። ስለዚህ ሁለት የውጭ ዲስኮችን እያፈራረቁ ማታ ማታ ቅጅ ማንሣት፣ ተራው ያልደረሰውንም ከመደብሩ ርቆ በሚገኝ ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በየወሩም ከቅጅው ጥቂት ሒሳብ መልሶ አውጥቶ በትክክል መነበቡን መሞከር ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የበርበሬው ግዢ ከመጀመሩ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል።