አንድ ስም ለሁለት ባለቤት
የመተግበሪያ ስም መመሳሰል የምዕራብ ሐረርጌን ነጋዴም ይመለከታል

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ረዳቱ «ጭሮ» ቢል «አሰበ ተፈሪ» ቢል የሚወርደው እዚያው ነው። አንዲት ከተማ ሁለት ስም ቢኖራት ገበያተኛ አይከስርም። ኪሳራው የሚመጣው ሁለት ነገር አንድ ስም ሲይዝ ነው።

ለዚህ የሐረርጌ ቡና የቆየ ምስክር ነው። በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሒርና ዙሪያ የሚለቀመው ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ሐረር» በሚል ስም ነው። መንግሥት ስሙን ከ«ሲዳሞ»ና ከ«ይርጋጨፌ» ጋር በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው ግን ከብዙ ክርክር በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ነበር።

ዛሬ ጥያቄው ወደ እጅ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ባንኮችም የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው። ጫት ካደረ ዋጋ የለውምና ነጋዴው ክፍያውን አረጋግጦ መኪናውን ቶሎ ማስነሳት አለበት። በዚህ ጥድፊያ መሐል ስምና ምልክት ከማየት ያለፈ ምርመራ አይታሰብም።

መደብሮቹ እንዴት ይለያሉ?

የአፕል መደብር ቀድሞ የተያዘን ስም ለሌላ አይሰጥም። ይሁንና አንድ ቃል ጨምሮ መግባት ይቻላል። በጎግል ፕሌይ ግን ሁለት መተግበሪያዎች አንድ ዓይነት የሚታይ ስም ሊይዙ ይችላሉ። የማይደገመው ተጠቃሚው ልብ የማይለው የውስጥ መለያ ነው። ሌላውን መስሎ መቅረብ በደንቡ የተከለከለ ቢሆንም፣ ባለቤቱ አቤት እስኪል የሚቆይበት ጊዜ አለ። በቴሌግራም የሚላክ የመጫኛ ፋይል ደግሞ የመደብሩን ቁጥጥር ጨርሶ አያልፍም፤ የተለየ መለያ ካለው በዚያው ስምና ምልክት ከእውነተኛው ጎን ይቀመጣል።

የእኛ ፊደል ሌላ ችግር ይጨምራል። «ሐረር»ና «ሀረር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። ጭሮም በላቲን ፊደል በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይለያያል። ፊደል ለፊደል ብቻ የሚያመሳክር መደብር ይህን አይይዝም።

ሕጉስ?

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ቀድሞ ከተመዘገበ የንግድ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም የሚያሳስት ስም እንዳይመዘገብ ይከለክላል። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ደግሞ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ሲሆን፣ ለ7 ዓመት ጸንቶ ይታደሳል። መተግበሪያ ሠርቶ ስሙን ያላስመዘገበ ወጣት በመደብሩ ፊት ሲከራከር በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ያንሰዋል።

ነጋዴውም ከስሙ ሥር የተጻፈውን የአቅራቢውን ማንነት ማየት፣ መተግበሪያውን ባንኩ ራሱ ካመለከተው ቦታ ብቻ ማውረድ ይኖርበታል። ቡና ገዢ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ፈትቶ ያያል።